ከካምቢዮ የወጣው ዘይት የት ይሂድ?

የኦቶማቲክ መኪናን የካምቢዮ ዘይት እዚህ ባሕር ዳር በየግቢያችን መቀየር እንችላለን። መንግሥት በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በእጃችን ያለችውን ቪትዝ ወይም ኮሮላ ዕድሜዋን ማርዘም ግድ ሆኗል። ሆኖም አዲሱ ዘይት ሲገባ ሥራው ያበቃል የሚለው ልማድ መታረም አለበት። አሮጌው ዘይት ተለክቶና ተሰብስቦ ተረካቢ እጅ እስኪገባ ድረስ ሥራው አላለቀም። ይህን የምለው ለጣና ብቻ ተቆርቁሬ አይደለም፤ ካምቢዮውም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ብሎኑ ሲፈታ የሚወርደው ከፊሉ ዘይት ብቻ ነው፤ የቀረው ቶርክ ኮንቨርተሩና ቱቦዎቹ ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ ምን ያህል መሞላት እንዳለበት በመጀመሪያ የሚነግረን የወጣው መጠን ነው። ዘይቱ ካነሰ ፍሪሲዮኖቹ እየተንሸራተቱ ይግላሉ፤ ከበዛ ደግሞ አረፋ ሠርቶ ግፊቱን ያወርዳል። የወጣው ዘይት ስለ ካምቢዮው ጤናም ይናገራል፦ ጠቁሮ የማረር ሽታ ካመጣ፣ ወይም በዓይን የሚታይ የብረት ስብርባሪ ከያዘ፣ ችግሩ ዘይት በመቀየር ብቻ አይፈታም። አፈር ላይ ያፈሰስነው ዘይት ግን አይለካም፣ አይመረመርምም።

«ለጣና አራት ሊትር ምኑ ነው?» የሚል ይኖራል። ሐይቁ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሰፋም ጥልቀቱ በአማካይ ከ10 ሜትር አይበልጥም። ዘይት ደግሞ አይሰምጥም፤ በውሃው ላይ ስስ ሽፋን ሆኖ ይዘረጋል። የክረምት ጎርፍ ከየቦዩ ጠርጎ የሚያደርሰውም መሀል ሐይቅ ሳይሆን ዳር ላይ ነው፤ ደንገል በሚበቅልበት፣ ትናንሽ ዓሦች በሚያድጉበት፣ ሰው በሚታጠብበት። ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የመዘገበው ሐይቅ በቅድሚያ የሚጎዳው በዚሁ ዳርቻው በኩል ነው።

«የአጥር እንጨት ቀብቼ ምስጥ እከላከልበታለሁ» የሚለው መልስ ከመድፋት የተሻለ ይመስላል፤ ነገር ግን ዝናብ ያጥበዋል፣ አፈሩም ይመጠዋል። «ጋራዦችስ ይደፉ የለ?» ለሚለው፦ የሚደፉ ካሉ ጥፋታቸው ከእኛ ይከብዳል፣ ሊጠየቁም ይገባል። ጋራዥን ግን ተቆጣጣሪ ሄዶ ሊያየው ይችላል፤ በግቢያችን የምንሠራውን ከራሳችን በቀር የሚያይ የለም።

ስለዚህ ብሎኑን ከመፍታታችን በፊት ሦስት ነገር እናረጋግጥ፦ በመኪናው መመሪያ የታዘዘውን የዘይት ዓይነት (የሲቪቲ ካምቢዮ ዘይት ከተራው ኦቶማቲክ ይለያል)፣ ልኬት ያለው ንጹህ መቀበያ፣ እንዲሁም አሮጌውን በበርሜል አጠራቅሞ የሚያስረክብ ጋራዥ። ከተማ አስተዳደሩም ድርሻ አለው። ጀርመን ውስጥ የሞተርና የካምቢዮ ዘይት ቸርቻሪ በሸጠው ልክ አሮጌውን ያለ ክፍያ እንዲረከብ ሕግ ያስገድደዋል። እዚህም ዘይት የሚሸጥ ሱቅ ሁሉ አሮጌውን መቀበያ በርሜል እንዲኖረው ማድረግ ይቻላል። እስከዚያው ግን ተረካቢ ያላገኘ ሰው ዘይቱን በጀሪካን ከድኖ ያቆየው እንጂ አይድፋው።