ለደረቀ ዓይን ማር፦ ከተሞክሮዬ

ማተሚያ ቤት ውስጥ የገጽ ቅንብር ሠራተኛ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ኮምፒዩተር ላይ አፍጥጬ መዋል እንጀራዬ ነው። ዓይኔን መቆጥቆጥ የጀመረኝ በበጋ፣ የአዲስ አበባ ንፋስ አቧራ ይዞ በሚዞርበት ወራት ነው። ከሰዓት በኋላ ደም ይለብሳል፣ ማታ ይቆረቁረኛል፣ ጠዋት ደግሞ ዓይን አር አጣብቆት እነቃለሁ። ከጎጃም ለጥየቃ የመጡት አክስቴ አንድ ማታ ፊቴን አዩና ብዙም ሳይመራመሩ "ማር ጠብ አድርግበት" አሉኝ። ማሩንም ከራሳቸው ቀፎ ቆርጠው ይዘውት ነበር የመጡት። አደረግሁበት። ከዚያ ወዲህ ሐኪም ዘንድም ሄጃለሁ፣ ነገሩንም እየተከታተልኩ አንብቤያለሁ። የተማርኩትን እንደመጣልኝ አሰፍረዋለሁ።

1. የሚያነባ ዓይንም ደረቅ ሊሆን ይችላል

ንፋስ ሲነካኝ እንባዬ በጉንጬ ይወርድ ስለነበር ሐኪሟ "ዓይንዎ ደርቋል" ስትለኝ የምትቀልድብኝ ነበር የመሰለኝ። ለካ እንባ ውሃ ብቻ አይደለም። ከታች ውሃውን ከዓይን ጋር የሚያያይዝ ሙልጭልጭ ያለ ስስ ሽፋን አለ፣ መሃል ላይ ውሃው አለ፣ ከላይ ደግሞ ውሃው ቶሎ እንዳይተን የሚጋርደው ቅባት አለ። ቅባቱ ሲያንስ ውሃው ይተንና ዓይኑ ይቆጣል። ሲቆጣ የእንባ ዕጢው ድንገት ብዙ ውሃ ይለቃል፤ ግን ቅባት የሌለው ውሃ ስለሆነ ሳይቆይ ፈስሶ ያልቃል።

ሐኪሟ ጫፉ ብርቱካናማ የሆነ ቀጭን ወረቀት አርጥባ የታችኛውን የዓይን ቆቤን ነካ አደረገችው፤ መብራቱንም ሰማያዊ አደረገችና "አሁን እንዳይጨፍኑ" ብላ ጮክ ብላ መቁጠር ጀመረች። በቀለሙ የደመቀው እንባ ከ10 ሰከንድ በፊት ጥቁር ጥቁር ቀዳዳ ካወጣ ጤነኛ አይደለም። እኔ ዘንድ አራት ብላ አልጨረሰችም።

2. ማሩ ያቃጥላል፣ ከዚያ ያሳርፋል

ያሳርፋል ያልኩት እውነት ነው፤ የደበቅሁት ነገር የለም። የታችኛውን ቆብ ሳብ አድርጌ የክብሪት ራስ የምታህል ጠብታ አስነካሁት። እሳት ነው። አፍንጫዬ ሳይቀር ፈሰሰ። አክስቴ ከጎኔ ቆመው "ቻለው ልጄ፣ ክፉውን እየጎተተ እያወጣልህ ነው" ይሉኛል። ትንሽ ቆይቶ ቃጠሎው በረደና ያን ማታ ዓይኔ ቀለለኝ። ሰው ሁሉ "እኔን ረድቶኛል" የሚለው እዚህ ላይ ሲደርስ ነው።

ያሳረፈኝ ማን እንደሆነ የገባኝ ግን ቆይቶ ነው። የእንባ ፒኤች 7.4 አካባቢ ሲሆን የማር ወደ 4 ይጠጋል፤ ይህ መለኪያ በአንድ ቁጥር በወረደ ቁጥር አሲዱ በአሥር እጥፍ ስለሚያድግ ልዩነቱ ከሺህ እጥፍ በላይ ነው። በዚያ ላይ ከማር ወደ 80 በመቶው ስኳር ነው። እንዲህ የጠነከረ ስኳር ያረፈበትን ሥጋ ውሃውን ይስበዋል። ዓይን ደግሞ ይህን ሁሉ ለማጠብ እንባውን ያጎርፋል። ያቀለለኝ በአብዛኛው የራሴ እንባ ነበር ማለት ነው፤ ማሩ አስለቃሽ እንጂ መድኃኒት አልነበረም።

ለማሩም እንፍረድለት። ንብ ወደ ማር የምትጨምረው አንድ ኢንዛይም አለ፤ ማሩ እርጥበት ሲያገኝ ይህ ኢንዛይም ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይሠራል፤ ጀርም ይገድላል። ማር ለቁስልና ለቃጠሎ ዛሬም ሆስፒታል ውስጥ የሚውልበት አገር አለ። ዓይን ግን ቁስል አይደለም፤ እኔም የያዘኝ ጀርም አልነበረም።

3. ማር በውሃ ከተበረዘ ብርዝ ነው

ቃጠሎውን የፈራ ሰው የሚሰጥህ ምክር አንድ ነው፤ ውሃ አፍልተህ አቀዝቅዝ፣ ማሩን በጥብጥበት፣ በጠርሙስ አድርገህ ጠዋት ማታ ጠብ አድርግ። ጠጅ በምንጥልበት አገር ይህ ምክር እንዴት ሳይመረመር እንደሚያልፍ ይገርመኛል! ማር ለዓመታት ሳይበላሽ የሚቆየው ውሃው ከመቶ 18 እጅ አካባቢ ብቻ ስለሆነ ነው፤ በዚያ ድርቀት እርሾ አይሠራም። ውሃ ስትጨምርበት ያ መከላከያ ያልቃል። ጌሾ ባይኖርበትም መፍላቱ አይቀርም። መደርደሪያ ላይ ያስቀመጥከው የዓይን ጠብታ አይደለም፣ በትንሹ የተጣለ ብርዝ ነው፤ ሕይወት ያለው እርሾና ባክቴሪያ ተጨምሮበት።

4. የገበያው ማር የተሠራው ለአፍ ነው

የአክስቴን ማር በብርጭቆ አድርጌ ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዤ አየሁት። ቡናማ ነጠብጣቦች፣ የሰፈፍ ፍርፋሪ፣ አንዲት የንብ ክንፍ፣ ከታች ደግሞ ቀፎው ሲታጠን የገባ አመድ የመሰለ ነገር። ለምግብ ሲሆን ይህ ነውር የለበትም፤ እንዲያውም ንጹሕ ለመሆኑ ምስክር ነው ብለን የምንገዛው አለን። ሲረጋ ደግሞ የስኳሩ ቅንጣት ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል። ያው ቅንጣት ዓይን ላይ ምን እንደሚሠራ መገመት አያቅትም።

የማይታየው ይብሳል። ማር ውስጥ የባክቴሪያ ዘር ተኝቶ ይኖራል፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም የሚባለውም በዚሁ ምክንያት፣ ቦቱሊዝም የሚባለው መርዛማ ሕመም ስለሚፈራ ነው። ማፍላት መፍትሔ አይሆንም፤ ሙቀቱ ጀርም ገዳዩን ኢንዛይም አስቀድሞ ያጠፋዋል፣ ዘሩን ግን አይገድለውም። ለሕክምና የሚውለውን ማር በጋማ ጨረር የሚያመክኑት ለዚህ ነው። ስኳር የተቀላቀለበትን ማር ጉዳይ አልነካውም፤ እሱን ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል።

"ጣዝማ ከሆነስ?" ያሉኝ አሉ። ጣዝማ መናደፊያ የሌላት፣ መሬት ውስጥ የምትኖር ትንሽ ንብ የምትሠራው ማር ነው፤ ለሳልና ለጉሮሮ ስሟ የታወቀ ነው። ግን ከተራው ማር ይልቅ ውሃዋ ይበዛል፣ ኮምጣጣነቷም ይጠነክራል። ለዓይን ሲታሰብ ይህ ጥቅም ሳይሆን ጉዳት ነው።

5. ዮናታን ማሩን በላው እንጂ አልተኳለውም

አክስቴ መጽሐፍ ጠቅሰው ነው የሚከራከሩኝ። በቀዳማዊ ሳሙኤል ምዕራፍ 14 ዮናታን በበትሩ ጫፍ ከማር እንጀራው አጥቅሶ ቀምሶ ዓይኑ እንደበራ ተጽፏል። ልክ ናቸው። ግን ሰውየው በጦርነት ውሎ፣ እህል ሳይቀምስ፣ ራሱን ሊስት የደረሰ ነበር። የራበው ሰው ማር ቢልስ ዓይኑ ይበራል፤ የእኔም ይበራል።

ማርን ለዓይን የማዋል ነገር አርጅቷል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ የተጻፈው የግብፆች የሕክምና ጥቅልል፣ የኤበርስ ፓፒረስ፣ ማር የገባባቸውን የዓይን መድኃኒቶች ይዘረዝራል። አሪስጣጣሊስም ነጣ ያለው ማር ለታመመ ዓይን እንደሚበጅ ጽፏል። ዕድሜ ብቻውን ማስረጃ ቢሆን ኖሮ ግን ጦቢት የዳነበትን የዓሣ ሐሞት ፋርማሲ ገብተን እንጠይቅ ነበር።

6. ለዓይን ተብሎ የተዘጋጀ ማር አለ

ሜልቦርን የምትኖር የአክስቴ ልጅ ይህን ሁሉ ስነግራት "እዚህ እኮ ይሸጣል" አለችኝ። እውነቷን ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ከማኑካ ማር የሚሠራ፣ የመከነ የዓይን ጠብታና ጄል ገበያ ላይ አለ። የኩዊንስላንድ ተመራማሪዎች በ2017 ባሳተሙት ጥናት የቅባት ዕጢያቸው ለተደፈነባቸው ሰዎች ሰጥተው ሞክረውታል። እኔን የሳበኝ የጥናቱ አሠራር ነው። ማር ያገኙትም ያላገኙትም ሁሉም ተሳታፊዎች ሙቅ ጨርቅ ያደርጉ፣ ቆባቸውን ያሹ፣ ሰው ሠራሽ እንባም ይጠቀሙ ነበር። ሁሉም ቡድኖች ተሻላቸው፤ ማሩ በዚያ ላይ ጥቂት ጨመረ። ሰው ይዞት የሚሄደው "ማር" የሚለውን ብቻ ነው፣ ጨርቁን ማን ያስታውሰዋል?

7. ሥራው ያለው ቆቡ ላይ ነው

ሐኪሟ የላይኛውን ቆቤን በጣቷ ጫን አድርጋ ጠርዙን በመስታወት አሳየችኝ። በእያንዳንዱ ቆብ ጠርዝ ላይ፣ ከሽፋሽፍቱ ሥር፣ ከ20 እስከ 40 የሚሆኑ የቅባት ዕጢዎች በረድፍ አሉ። ሲጫኑ ጠራ ያለ ዘይት መውጣት ነበረበት፤ ከእኔ የወጣው እንደ ረጋ ቅቤ ወፍሮ፣ ቢጫ ሆኖ፣ ያውም በግድ ነው። የረጋ ነገር የሚለቀው በሙቀት ነው። የሚጠበቅብኝም ይኸው ነበር።

የሙቅ ጨርቁ አሠራር ቀላል ይመስላል፤ ቀላል ግን አይደለም፤ አብዛኛው ሰው "ሞክሬው አልሠራልኝም" የሚለው አሠራሩን ስለሚያበላሸው ነው። ሙቀቱ 40 ዲግሪ አካባቢ መሆን አለበት፤ ክንዴ ላይ አድርጌ ሳያቃጥለኝ በደንብ ከሞቀኝ ልክ ነው። ፎጣ ቶሎ ይበርዳል፤ በሁለት ደቂቃ ለብ ብሎ ይቀራል። ስለዚህ ሁለት ጨርቅ ይዤ አንዱ ዓይኔ ላይ ሳለ ሌላው ፔርሙስ ውስጥ ካቆየሁት ውሃ ተነክሮ ይጠብቃል። እየቀያየርኩ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ እቆያለሁ። ከዚያ ወዲያው፣ ሳይበርድ፣ የላይኛውን ቆብ ከላይ ወደ ታች፣ የታችኛውን ከታች ወደ ላይ፣ ወደ ሽፋሽፍቱ አቅጣጫ በጣቴ ቀስ ብዬ እገፋለሁ። የዓይን ኳሱን መጫን የለም። መጨረሻ ላይ የሽፋሽፍቱን ሥር በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ እጠርጋለሁ።

በአንድ ሌሊት የሚታይ ነገር የለም። የማሩ ጥቅም እዚህ ላይ ነበር፤ ያቃጥላል፣ ያስለቅሳል፣ "ሠራ" ያስብላል። ጨርቁ ድራማ የለውም፤ ሳምንታት ይፈጃል፣ ሰው የሚሰለቸውም ለዚህ ነው።

8. ዓይንን ማርገብገብ ሥራ ነው

ሰው በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል ዓይኑን ያርገበግባል፤ ስክሪን ላይ ሲያፈጥ ግን ወደ ግማሽ፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ይወርዳል። ቅባቱ ከዕጢው ተጨምቆ የሚወጣው ደግሞ ቆቡ ሙሉ በሙሉ ሲገጥም ነው። ስክሪኔን ዝቅ አደረግሁት፤ ወደ ታች ስናይ ቆቡ ስለሚወርድ ለአየር የሚጋለጠው የዓይን ክፍል ይቀንሳል። ፊቴን ይመታ የነበረውን ቬንትሌተርም አዞርኩት፤ ባልደረባዬ አኩርፏል።

9. የሚቆረቁር ሁሉ ደረቅ ዓይን አይደለም

አክስቴ ለራሳቸው ዓይን ማሩንም ወረንጦውንም ነበር የሚጠቀሙት። "ፀጉር ይቆረቁረኛል" እያሉ ሽፋሽፍታቸውን ይነቅላሉ፤ ፀጉሩ ተመልሶ ሲበቅል አጥሮና ጠንክሮ የባሰ ይወጋቸዋል። የእሳቸው ከእኔ ጋር አይገናኝም፤ የዓይን ማዝ፣ ትራኮማ፣ በልጅነት እየተመላለሰ የቆቡን ውስጠኛ ክፍል አጠባስሶ ሽፋሽፍቱን ወደ ውስጥ ቀልብሶታል። የተቀለበሰው ፀጉር በእያንዳንዱ ማርገብገብ ጥቁሩን የዓይን ክፍል ይፍቃል፣ በመጨረሻም ብርሃን ያጠፋል። ኢትዮጵያ ከዓለም የትራኮማውን ትልቁን ድርሻ የተሸከመች አገር ናት፤ የአማራ ክልል ደግሞ በጣም ከተጎዱት አንዱ ነው። የሚያድነው ቆቡን የሚያስተካክል አጭር ቀዶ ሕክምና ነው፤ በአካባቢ ማደንዘዣ ይሠራል፣ ታካሚውም በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። "እትዬ፣ እንሂድ" ብዬ ስለምናቸው ወራት አለፉ፤ በመጨረሻ የረታቸው የእኔ ክርክር ሳይሆን አብራቸው ማኅበር የምትጠጣ ጎረቤታቸው ተሠርታ መምጣቷ ነው።

ሕመም ከተጨመረ፣ ብርሃን ማየት ካስቸገረ፣ ዕይታ ከደበዘዘ ወይም ጥቁሩ ላይ ነጭ ነጥብ ከታየ በዚያው ቀን ሐኪም ነው፤ ጨርቅም ማርም አይደለም።

10. ጠብታ ሲገዙ

ፋርማሲ ገብቶ "ለዓይን የሚሆን" ብሎ መጠየቅ ጥሩ አይደለም። ቅላቱን ቶሎ የሚያጠፋው ዓይነት ደም ሥሩን ያጠባል እንጂ አያረጥብም፤ ሲተውት ቅላቱ ብሶ ይመለሳል። ዴክሳሜታዞን ያለበት ደግሞ ያሳርፋል፣ ያለ ሐኪም ሲቆይ ግን የዓይን ግፊት ይጨምራል፣ ሞራም ያመጣል። የቴትራሳይክሊን ቅባትም የጀርም መድኃኒት ነው፤ ለድርቀት ተብሎ አይገዛም። የሚፈለገው ሰው ሠራሽ እንባ ነው፤ በቀን ከአራት ጊዜ በላይ የሚጠቀም ሰው ማቆያ ኬሚካል የሌለበትን ቢመርጥ ይሻለዋል፣ ዋጋው ወደድ ቢልም። ባለ ጠርሙሱ ከተከፈተ ከአራት ሳምንት በኋላ ቢተርፍም ይጣላል። እኔ የከፈትኩበትን ቀን በእስክሪብቶ ጠርሙሱ ላይ እጽፍበታለሁ።