ፔካ 12፤ ጣራ የሌለው ጋራዥ

ከጅቡቲ ከተማ ተነሥቶ ወደ ኢትዮጵያ በሚያመራው አንደኛ ብሔራዊ መንገድ የሚጓዝ ሰው፣ የአምቡሊን ደረቅ ወንዝ ተሻግሮ በባልባላ በኩል ሲያልፍ፣ ከባድ የጭነት መኪናዎች በብዛት ከሚቆሙበት ሥፍራ ይደርሳል። ይህ ሥፍራ ፔካ 12 ይባላል። «ፔካ» የተባለው አጠራር «ፖዋን ኪሎሜትሪክ» ከሚሉት ሁለት የፈረንሳይኛ ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት የተገኘ ሲሆን፣ የኪሎ ሜትር ምልክት ማለት ነው። እንግዲህ የሠፈሩ ስም ከከተማው 12 ኪሎ ሜትር መራቁን ከመግለጽ በቀር ሌላ ምሥጢር የለውም። ለኢትዮጵያ ሹፌሮችና ረዳቶች ግን ፔካ 12 ከርቀት መለኪያነት ያለፈ ትርጉም አለው፤ ማረፊያ ነው፤ ተራ መጠበቂያ ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጣራ የሌለው ጋራዥ ነው።

ጅቡቲና ኢትዮጵያ በንግድ የተሳሰሩት ከብዙ ዘመን ጀምሮ ነው። በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ መሠራት የጀመረው የባቡር ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብቶ ነበር። ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ፣ ከኤርትራ ጋር በተነሣው ጦርነት ምክንያት የአሰብ መንገድ ሲዘጋ፣ የኢትዮጵያ የባሕር ንግድ ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። በ2010 ዓ.ም. አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር የንግድ ሥራውን ቢጀምርም፣ አብዛኛው ጭነት ዛሬም የሚጓዘው በመኪና ጀርባ ነው። ስንዴውም፣ ማዳበሪያውም፣ ብረቱም በዚሁ መንገድ ያልፋል። ስለዚህ በፔካ 12 አንድ የመኪና ሞተር ታሞ ቢቀር፣ ጉዳቱ የባለንብረቱ ብቻ ሳይሆን ዕቃውን የሚጠብቀው የሩቅ ገበሬና ነጋዴም ነው።

አሮጌ ሞተርን በእጅ መጠገን በሌላው ዓለምም የታወቀ ነገር ነው። በአሜሪካ አገር ዊል ሆርስ የተባለው ፋብሪካ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1946 ጀምሮ የሠራቸውን፣ ወይም ጆን ዲር በ1963 ያወጣውን 110 የተባለ ትንሽ የአትክልት ትራክተር በየቤታቸው እየፈቱ የሚገጥሙ፣ ቀለም እየቀቡ የሚያሳምሩ ብዙዎች ናቸው። ለእነርሱ ሥራው የዕረፍት ቀን ደስታ ነው። በፔካ 12 ግን ሞተሩ እንጀራ ነው። ደግሞም ቤት ነው፤ ሹፌሩ የሚተኛው በጋቢናው፣ ልብሱን የሚያሰጣው ከመስተዋቱ ብረት ላይ፣ የሚበላውም በተሳቢው ጥላ ሥር ነውና። ስለዚህ መኪናውን ሲጠግን ቤቱን እየጠገነ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

አማርኛን በመማር ላይ ያሉ አንባቢያን ይህን ሥፍራ ቢጎበኙ በመጽሐፍ የማይገኝ ትምህርት ይቀስማሉ። በጥገና ሥራ ላይ የሚነገረው አማርኛ ብዙ ቃላቱን ከጣሊያንኛ ወስዶ የራሱ አድርጓቸዋል። የተሽከርካሪው ክብደት የሚያርፍበት ተደራራቢ ብረት ባሌስትራ ይባላል። ማርሽ የሚቀያየርበት ክፍል ካምቢዮ፣ ሞተሩን ከካምቢዮ የሚያገናኘውና የሚለየው ፍሪሲዮን፣ ጎማው ያለ ችግር እንዲዞር የሚያደርገው ኩሽኔታ ነው። በጎማው ውስጥ አየር የሚይዘው ካላማዳሪ ሲሆን፣ በጣሊያንኛ «የአየር ክፍል» ማለት ነው። ካቻቢቴ፣ ፒንሳና ክሪክም እንዲሁ ናቸው። ሹፌርና ጋራዥ ደግሞ የፈረንሳይኛ ልጆች ናቸው። እነዚህን ቃላት የማያውቅ ባለሥልጣን ስለ መንገድና ስለ ትራንስፖርት የሚቀርብለትን አቤቱታ በግማሽ ጆሮ እንደሚሰማ ይቈጠራል።

በኢትዮጵያ መንገዶች ስሙ ከተጠራ አሮጌ መኪና ሁሉ «ኤንትሬ» የተባለውን የሚያህል የለም። ይህ የቶሪኖው የፊያት ፋብሪካ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1952 ማውጣት ከጀመረው 682 ከተባለው ዓይነት የተገኘ ነው። ስድስት ሲሊንደር ያለው የናፍጣ ሞተር ነበረው፤ አሠራሩም ግልጽ ስለ ነበረ አንድ ብልህ መካኒክ በመንገድ ዳር በቁልፍና በመዶሻ ሊፈታው ይችል ነበር። የዛሬዎቹ መኪናዎች ብዙ ነገራቸው በኤሌክትሮኒክ ስለሚመራ፣ ጕድለታቸውን በቁልፍ ብቻ ማግኘት አይቻልም። ነገር ግን ዘይት፣ ውሃ፣ አየርና ፍሬን በአሮጌውም በአዲሱም አንድ ዓይነት ጥንቃቄ ይጠይቃሉ። የፔካ 12 ሰዎች ዕውቀትም ከሁሉ በፊት በእነዚህ በአራቱ ላይ የተመሠረተ ነው።

ዘይት የሚለካው መኪናው በደልዳላ መሬት ላይ ቆሞ፣ ሞተሩም ጠፍቶ ጥቂት ጊዜ ካረፈ በኋላ ነው። ዘይቱ ወተት መስሎ ከተገኘ ውሃ ገብቶበታልና ጉዞ አይታሰብም። የጭሱም ቀለም ይናገራል። ጥቁር ጭስ ናፍጣው በሚገባ አለመቃጠሉን ያመለክታል፤ ብዙ ጊዜም ምክንያቱ በአቧራ የታፈነ የአየር ማጣሪያ ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ይገልጻል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ሲታይ ደግሞ ውሃ ወደ ሲሊንደር መግባቱ ያሠጋል። ታላቁ ባራ የተባለውን ሜዳ አቋርጦ የመጣ መኪና ማጣሪያው በደቃቅ አቧራ ስለሚሞላ፣ ረዳቱ ፔካ 12 እንደ ደረሰ በቅድሚያ የሚፈታው ይህንኑ ነው።

የውሃው ነገር በጅቡቲ የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። በበጋው ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ከሰኔ እስከ ነሐሴም ኸምሲን የተባለው ደረቅ ነፋስ አሸዋ ይዞ ይነፍሳል። የአገሩ የከርሰ ምድር ውሃ ጨዋማ በመሆኑ፣ በራዲያተሩ ቀጫጭን ቧንቧዎች ውስጥ ቅርፊት እየሠራ መንገዱን ይዘጋል። አስተዋይ ሹፌር ስለዚህ ለራዲያተሩ የሚሆነውን ንጹሕ ውሃ በጀሪካን ይዞ ይጓዛል። የጋለ ራዲያተር ክዳን ፈጽሞ አይከፈትም፤ በግፊት የታመቀው ውሃ በእንፋሎት ፈንድቶ ፊትንና እጅን ያቃጥላልና።

በጎማ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት ነገር አለ። ጎማው በጉዞ ሲግል ውስጡ ያለው አየር ስለሚሰፋ ግፊቱ ይጨምራል። ይህን ያየ ጀማሪ ይፈነዳል ብሎ አየሩን ያስተነፍሳል። ነገር ግን አየር ያነሰው ጎማ ይበልጥ እየተጣጠፈ ስለሚሄድ ይብሱን ይግላል፤ የፈሩትም ፍንዳታ ያን ጊዜ ይመጣል። የጎማ አየር የሚለካው ጎማው በርዶ፣ ከጉዞ በፊት በማለዳ ነው። በጥንዶቹ የኋላ ጎማዎች መካከል የተሰነቀረ ድንጋይ መኖር አለመኖሩንም ማየት ያስፈልጋል። ጎሚስታው የማይጠግነው ያረጀ ካላማዳሪ እየተቀደደ የጭነት ማሠሪያ ይሆናል፤ ያለቀው ጎማ ደግሞ በረባሶ ጫማ ሆኖ እንደገና መንገድ ይወጣል።

ከሁሉ የሚከብደው የፍሬን ጉዳይ ነው። ከጅቡቲ እስከ ጋላፊ ድንበር ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከዚያ ወዲያ አንዱ መንገድ በሚሌና በአዋሽ በኩል ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብና ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ወዳለችው አዲስ አበባ ይወጣል። ሌላው ከሚሌ በባቲ አድርጎ ወደ ኮምቦልቻ ያርጋል። ይህን ሁሉ ዳገት የወጣ መኪና ሲመለስ ይወርደዋል። በቁልቁለት ፍሬኑን ደጋግሞ የሚረግጥ ሹፌር የፍሬኑን ሸራ ያግለዋል፤ ከመጠን በላይ የጋለ ሸራ ደግሞ መያዝ ይሳነዋል። ስለዚህ ነባሮቹ ሹፌሮች «ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ» ብለው ይመክራሉ። ይኸውም በከባድ ማርሽ ሲወረድ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እየያዘ ፍሬኑን ያሳርፈዋል ማለት ነው።

የከባድ መኪና ፍሬን የሚሠራው በታመቀ አየር ነው። በባሕር ዳር ያለው አየር ርጥበት ስለሚበዛበት በአየር በርሜሉ ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል፤ ውሃው ካልወጣ የአየሩን ቦታ ይይዛል፣ ብረቱንም ያዝገዋል። በርሜሉን በየቀኑ ማስተንፈስ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ነገር ግን በፔካ 12 የተዘለለችው ይህች የሁለት ደቂቃ ሥራ በባቲ ቁልቁለት ላይ የአባት ነፍስ ልታስከፍል ትችላለች።

ይህ ሁሉ ትምህርት የሚተላለፈው ከሹፌር ወደ ረዳት ነው። በፔካ 12 በምሽት፣ ፀሐይዋ ከበረደች በኋላ የሚሰማው ንግግር ይህን ይመስላል።

«ጋሼ፣ በርሜሉን ትናንት አስተንፍሼዋለሁ፤ ዛሬም ይቅር አይሉኝም?»

«ትናንት የበላኸው እንጀራ ለዛሬ ይበቃሃል? በል ተነሥ ልጄ፣ ሂድና ክፈተው።»

ረዳቱም ከመኪናው ሥር ይገባል። ጥቂት ቈይቶ ውሃው ከአየር ጋር እያፏጨ ሲወርድ፣ ሹፌሩ አንዳች ሳይናገር ሻዩን ይጠጣል። እንዲህ ያለው ምክር በወረቀት አይሰፍርም፤ የምስክር ወረቀትም አያሰጥም። ነገር ግን ይህ ወጣት ነገ መሪ ሲጨብጥ ከመንጃ ፈቃዱ ይልቅ የሚጠብቀው ይኸው ነው።

የወደብ ተራ አንዳንድ ጊዜ ቀናትን ይወስዳል። መጠበቁ ያሰለቻል፤ ሙቀቱም ያደክማል፤ በዚህ የሚማረሩት ብዙዎች መሆናቸው የታወቀ ነው። ብልሆቹ ግን ጊዜውን ወደ ጥቅም ይለውጡታል። ግራሶ ያልደረሰበትን መጋጠሚያ ይቀባሉ፤ የላላውን ዳዶ ያጠብቃሉ፤ የባሌስትራውን ስንጥቅ ይፈልጋሉ፤ ከናፍጣው ጋር የተቀላቀለውን ውሃ ያወርዳሉ። ሥራ ፈት መስሎ የሚታየው የቆመ መኪና፣ በእውነቱ ለመጪው ሺህ ኪሎ ሜትር የሚዘጋጅበት ሰዓት ነው።

እኛም ከዚህ ሠፈር የምንወስደው ትምህርት ለሹፌሮች ብቻ የሚሆን አይደለም። አሮጌ ነገር ዕድሜው የሚረዝመው በትልቅ ጥገና ሳይሆን በጊዜው በሚደረግለት ትንሽ እንክብካቤ ነው። የቤት ጣራም፣ የመሥሪያ ቤት መዝገብም፣ የውሃ ጕድጓድ ፖምፓም እንዲሁ ናቸው። ባለሥልጣኖቻችን በዚህ መንገድ ሲያልፉ፣ ለእነዚህ ሰዎች ጥላ፣ ንጹሕ ውሃና መብራት ያለው የመጠገኛ ቦታ ማዘጋጀት ከቸርነት ሳይሆን ከብልህነት የሚቈጠር መሆኑን ቢያስቡ መልካም ነው። ከጋላፊ ማዶ፣ በሞጆም ሆነ በኮምቦልቻ፣ የመኪና ጡሩምባ ሲሰማ ወደ ደጅ የሚሮጡ ልጆች አሉ። አባታቸው በደኅና የሚገባላቸው፣ ከቀናት በፊት በፔካ 12 አንድ ሰው ከመኪና ሥር ገብቶ ማድረግ የሚገባውን ስላደረገ ነው።