ከቬጽላር እስከ ኪየቭ፤ የሁለት ካሜራዎች መንገድ

በጠረጴዛችን ላይ ሁለት አሮጌ የፎቶግራፍ መኪናዎች ተቀምጠዋል። መጠናቸውም መልካቸውም እጅግ ይመሳሰላል፤ ከሩቅ ያያቸው ሰው የአንዲት እናት መንትዮች ናቸው ይላል። በአንደኛው ላይ በላቲን ፊደል ላይካ፥ በሁለተኛው ላይ በመስኮብ ፊደል ፌድ የሚል ስም ተቀርጿል። ሁለቱ አገሮች ደም ተቃብተው ሳለ ዕቃዎቻቸው እንዴት እንዲህ ተመሳሰሉ ብለን ጠየቅን፤ መልሱንም ፍለጋ ተነሣን። የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

አስቀድመን የሄድነው በጀርመን አገር በላን ወንዝ ዳር ወዳለችው ወደ ቬጽላር ነው። መንገዶቿ ጠባብና ዳገታም ናቸው፤ ትልቁ ቤተ ክርስቲያኗም ከብዙ መቶ ዓመት በፊት ተጀምሮ ሳይፈጸም ቀርቷል። በዚህች ከተማ በላይትስ የማይክሮስኮፕ ፋብሪካ ኦስካር ባርናክ የሚባል ባለ እጅ ይሠራ ነበር። አስም ስለሚያስጨንቀው፥ የዚያን ዘመን ከባድ ካሜራና የመስተዋት ሰሌዳ ተሸክሞ መሄድ ይቸግረው ነበር። ስለዚህ ለሲኒማ የተሠራውን 35 ሚሊሜትር ፊልም ወስዶ፥ 24 በ36 ሚሊሜትር የሆነ ሥዕል የሚያነሣ ትንሽ መኪና በ1914 ገደማ አበጀ። ጦርነት መጥቶ ሥራውን አዘገየው። በ1924 ግን የፋብሪካው ጌታ ኤርንስት ላይትስ ዘመኑ የችግር ዘመን ሳለ ይሠራ ብሎ ቈረጠ፤ ላይካም በ1925 በላይፕዚግ ትርኢት ለሕዝብ ታየ።

በ1932 ርቀት መለኪያ ከሌንሱ ጋራ ተጋጠመለት። አሠራሩ እንዲህ ነው። በካሜራው ፊት ሁለት ትንንሽ መስኮቶች አሉ፤ በእነርሱ የገባው መልክ ለተመልካቹ ዓይን ሁለት ሆኖ ይታያል። ሌንሱ ሲዞር ሁለቱ መልኮች ይቀራረባሉ፤ አንድ በሆኑ ጊዜ ርቀቱ ተገኘ ማለት ነው። በዚያው ዓመት በድሬስደን ዛይስ ኢኮን የተባለው ኩባንያ ኮንታክስ የሚባለውን ተፎካካሪ አወጣ።

ከዚህ በኋላ መንገዳችን ወደ ካርኪቭ ነበረ። ነገር ግን በ2022 ከተስፋፋው ጦርነት የተነሣ በእግር መሄድ ስላልተቻለን በሐሳብ ሄድን። በዚያ በ1927 ወላጅ የሌላቸውና በጎዳና የወደቁ ልጆች የሚኖሩበት ቤት ተቋቁሞ ነበር፤ አሳዳሪያቸውም ስመ ጥሩው መምህር አንቶን ማካሬንኮ ነበረ። ቤቱ የተሰየመው በሶቪየት የምስጢር ፖሊስ መሥራች በፌሊክስ ኤድሙንዶቪች ድዘርዢንስኪ ስም ነው፤ ፌድ ማለትም የእርሱ ስሞች መጀመሪያ ፊደላት ናቸው። ብዙ ቤተ ሰብ ያለቀሰበት ስም በልጆች የእጅ ሥራ ላይ ተቀረጸ። ልጆቹ አስቀድመው የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ ሠሩ፤ ቀጥለውም ላይካን ፈትተውና ለክተው አምሳያውን አበጁ። ከ1934 ጀምሮ ሥራው በብዛት ወጣ። ትናንት በጎዳና ያደረ ልጅ፥ ዛሬ የሚሊሜትርን መቶኛ እጅ የሚለካ ሆነ።

የኮንታክስ ዕጣ ግን ሌላ ነው። ድሬስደን በየካቲት 1945 በአውሮፕላን ቦምብ ነደደች። ከጦርነቱም በኋላ ሶቪየቶች ስለ ካሣ ብለው የኮንታክስን መሣሪያና ዕቃ ወሰዱ፤ በኪየቭም አርሰናል በተባለው ፋብሪካ ተከሉት። ከ1947 ጀምሮ ኮንታክስ ኪየቭ ተብሎ ወጣ፤ በመጀመሪያዎቹም ውስጥ በጀርመን የተሠሩ ክፍሎች ነበሩባቸው። አርሰናል የሚገኘው በጥንታዊው የዋሻ ገዳም አቅራቢያ ነው። የላይካም ዘር በዚያው አገር በዛ፤ በሞስኮ አጠገብ በክራስኖጎርስክ በ1948 ዞርኪ የተባለው ተወለደ።

አንድ ነገር እጅግ አስደነቀን። ግንቦት 2 ቀን 1945 ዬቭጌኒ ካልዴይ በበርሊን በራይኽስታግ ጣራ ላይ የሶቪየት ሰንደቅ ሲውለበለብ ያነሣው በላይካ ነበር። የተሸነፈው አገር ካሜራ የአሸናፊውን ድል ለዓለም አሳየ።

አንባቢ ሆይ፥ እንግዲህ ይህን ምን እንበለው? ከሌላው እጅ አይቶ መማር ነውር አይደለም፤ ጥበብ ሁሉ እንዲህ ተሸጋግሯል። ነውሩ የመምህርን ስም መደበቅ ነው፤ እንዲሁም የራስ ያልሆነ ስም መለጠፍ ነው። በዘመናችን አንዳንድ ነጋዴዎች የፌድንና የዞርኪን ስም ፍቀው ላይካ እያሉ ይቀርጹባቸዋል፤ ገዢው ይጠንቀቅ። እኛ ግን በጠረጴዛችን ላይ ያለውን ፌድ ላይካ ባለመሆኑ አልናቅነውም። ከውስጡ አንዲቱን ብሎን ያጠበቀ አባት የሌለው ልጅ ሊሆን ይችላልና። ልጆች ያላችሁ ሁሉ፥ ለልጃችሁ ከምታወርሱት ገንዘብ ይልቅ የተማረ እጅ እንዲኖረው አስቡለት፤ ገንዘብን ጦርነት ይወስደዋል፤ የተማረ እጅ ግን ከባለቤቱ ጋራ ይሰደዳል፥ ከባለቤቱም ጋራ ይመለሳል።