«ንጹህ ነው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ግቢያችን ሌባ የገባ ሰሞን እኛ ቤት ስብሰባ ተጠራ። አባባ «ውሻ ይገዛ» አሉ። እኛ ልጆቻቸው ደግሞ «ከተገዛ አይቀር ጀርመን ሼፐርድ!» አልን።

ሻጩ ቤት ስንደርስ የጠየቅነው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ «ንጹህ ነው?» ሰውየው ደረቱን ነፍቶ «ክልስ የሚባል ነገር በዘሩ የለም» አለን። ከፍለን ቡችላውን ታቅፈን ወጣን። በር ላይ የተኙትን የሰፈር ውሾች ዞር ብለን እንኳ አላየናቸውም። ዘር ከልጓም ይስባል አይደል የሚባለው?

ሬክስ በዓመቱ ከተኛበት ሲነሳ ያቃስት ጀመር። ደረጃ መውጣት አቃተው። የእንስሳት ሐኪሙ ራጅ አንስቶ አሳየን፤ የጭኑ አጥንት ራስ በዳሌው ጉድጓድ ውስጥ በወጉ አልተቀመጠም። «በዚህ ዝርያ የተለመደ ነው፤ በዘርም ይተላለፋል። የወላጆቹ ዳሌ ተመርምሮ ነበር?» ሲለን እርስ በርስ ተያየን። ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት እያልን ጋዜጠኝነት ተምረን ተመርቀናል፤ ይህን ግን ሻጩን አልጠየቅነውም።

ዘግይተንም ቢሆን ማንበብ ያዝን። ማክስ ፎን ስቴፋኒትዝ የተባለ የጀርመን ፈረሰኛ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1899 ሆራንድ የተባለ የበግ ጠባቂ ውሻ ገዝቶ በዝርያው መዝገብ የመጀመሪያው አድርጎ አሰፈረው። እሱ የሚፈልገው ሥራና ብልህነት ነበር። ከእሱ በኋላ ለውድድር መድረክ የሚያራቡ ሰዎች ጀርባው ወደ ኋላ የተዳፋውን እየመረጡ ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ2016 ክራፍትስ በተባለው የእንግሊዝ የውሻ ትርኢት በዝርያዋ አንደኛ የወጣችው ጀርመን ሼፐርድ አረማመዷን ያዩ ብዙ ተመልካቾችን አስቆጥታ ነበር።

ችግሩ የሬክስ ዝርያ ብቻ አይደለም። መዝገቡ አንዴ ከተዘጋ የውጭ ደም አይገባም። አንድ አሸናፊ ወንድ ብዙ ቡችሎችን ያስወልዳል፤ ተደብቆ ያለ በሽታ ካለውም አብሮ ይባዛል። ነጠብጣባሙ ዳልማሺያን ለሽንት ጠጠር የሚያጋልጥ ጉድለት በዘሩ ይዞ ይዞራል። እ.ኤ.አ. በ1973 አንድ አሜሪካዊ የዘረ መል ባለሙያ አንድ ጊዜ ብቻ ከፖይንተር ጋር አዳቀለው፤ ከዚያ ወዲያ ትውልዱን መልሶ ከዳልማሺያን ጋር እያራባ ከጉድለቱ ነጻ የሆኑ ነጠብጣብ ውሾች አገኘ። የአሜሪካ ኬነል ክለብ ግን መዝገቡን ለዘለቄታው የከፈተላቸው በ2011 ነው። ጤነኛ ውሻ «ንጹህ አይደለህም» ተብሎ 38 ዓመት በር ላይ ቆመ ማለት ነው! ኖርዌይ ውስጥ ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ካቫሊየር ኪንግ ቻርልስ የተባለውን ዝርያ እርስ በርሱ ማራባት የእንስሳት ደኅንነት ሕጉን ይጥሳል ብሎ ወስኗል።

ዝርያ ሁሉ ይጥፋ አንልም። በግ የሚጠብቀውም፣ ዓይነ ስውር የሚመራውም ውሻ የተገኘው ሰው መርጦ ስላራባ ነው። ጥያቄያችን፣ መስፈርቱ የሚጻፈው ለውሻው ነው ወይስ ለተመልካቹ? የሚል ነው። ጥፋቱንም ሁሉ በአራቢው ላይ አንደፈድፍም። እሱ የሚሸጠው እኛ የምንጠይቀውን ነው። ስለ ሰው ሲወራ የሚያስፈራንን ቃል፣ ውሻ ስንገዛ በኩራት ተናገርነው።

ሬክስ ዛሬም አለ። ማታ ማታ የጎረቤት የሀበሻ ውሻ አጥሩን እየዘለለ ሲጮህ፣ የእኛው ከተኛበት ሆኖ ይመልስለታል። ማስታገሻውን በየተራ እንሰጠዋለን። እንግዳ ሲመጣ ቁመናውን አይቶ መጀመሪያ የሚጠይቀን ያችኑ ጥያቄ ነው።

«ንጹህ ነው?»

«ዳሌውን ያመዋል» እንለዋለን።