የአንድ ሳምንት ዜና

ነገሩን የጀመረው የገዛ አፌ ነው። የወልቂጤ ከተማ መምህራን በተሰበሰብንበት በአንድ ቅዳሜ ተነሥቼ፣ ከታች ወደ እኛ ወደ ሁለተኛ ደረጃ የሚመጡት ልጆች አንድ አንቀጽ እንኳ ሳይደናቀፉ ማንበብ እንዳቃታቸው በሰፊው ተናገርሁ። ማስረጃም አላጣሁም። በ2014 ዓ.ም. ትምህርታቸውን ጨርሰው በጥቅምት 2015 የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሹን ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ እንደ ነበሩ ጠቀስሁ። ቤቱም አጨበጨበልኝ።

ጭብጨባው ሲያበቃ አንዲት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት እጃቸውን አወጡ። ነጠላቸውን አስተካከሉና «የኔ ልጅ፣ ጥፋታችንን ከመናገርህ በፊት መጥተህ እየን። የከሰዓት ፈረቃ አይደለህ? ጠዋት ጠዋት ምን ትሠራለህ?» አሉኝ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እውነቱን ለመናገር ጠዋት ጠዋት እተኛለሁ፤ ይህን ግን በጉባኤ ፊት ማለት አይቻልም። ስለዚህ በ2018 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ውስጥ አንድ ሳምንት፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ በየማለዳው ወደ እርሳቸው ትምህርት ቤት ለመሄድ ቃል ገባሁ።

ሰኞ የደረስሁት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ነው። መዝሙሩ አለቀና «ሚኒ ሚዲያ» የሚሉት ተራ መጣ። አንባቢው ይህን ከልጅነቱ የሚያውቀው ይመስለኛል፤ ከሰልፉ ፊት አንድ ተማሪ ይወጣና ዜና ያነባል፣ ሌላው ምሳሌያዊ አነጋገር ይናገራል፣ ሦስተኛው እንቆቅልሽ ይጠይቃል። የዚያን ዕለት ዜና አንባቢ አንዲት የ5ኛ ክፍል ልጅ ነበረች። ቀጭን ናት፤ ድምፅዋ ግን ከቁመቷ ይበልጣል። የታላቁ የኅዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. መመረቁንና 5,150 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የሚችል መሆኑን አንድ ጊዜ እንኳ ሳትደናቀፍ አንብባ ወረደች። ዜናው ከወር በላይ እንዳለፈው ግልጽ ነው። ቢሆንም ከቅዳሜው ንግግሬ አንጻር ደነገጥሁ፤ ልጅቱ ማንበብ ትችላለችና።

በዕረፍት ሰዓት ጠራኋትና «ሜጋ ዋት ማለት ምንድን ነው?» አልኋት።

«ዜና ነው፣ ቲቸር» አለችኝ።

ቀልድ መስሎኝ ነበር። አልቀለደችም። ያን ወረቀት ሌላ ሰው ከስልክ ላይ ገልብጦላት በቃሏ ያጠናችው ኖሮ፣ አንዱን ቃል በጣቴ ነጥዬ ባሳያት «ይሄ ምንድን ነው?» ብላ መልሳ እኔኑ ጠየቀችኝ።

ማክሰኞ ሜጋ ዋትን ለማስተማር ቆርጬ ወደ ክፍሏ ገባሁ። በአንድ ዴስክ አራት አራት ሆነው ተቀምጠዋል። የአማርኛ መምህር ነኝ እንጂ የፊዚክስ አይደለሁም፤ ሆኖም አንድ ሜጋ ዋት አንድ ሚሊዮን ዋት እንደ ሆነ፣ ባለ 10 ዋት አምፖል ብንወስድ መቶ ሺህ አምፖል በአንድ ጊዜ እንደሚያበራ በሰሌዳው ላይ አሰላሁ። ማንም አልተደነቀም። ከዚያ ጠመኔውን ወስጄ ወንዝ ሣልሁ። ዋቤን የማያውቅ አልነበረም። ዋቤ ከጊቤ እንደሚገናኝ፣ ጊቤ ወደ ታች ሲወርድ ኦሞ እንደሚባል፣ በዚያም ላይ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጊቤ ሦስት ግድብ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት ኃይል እንዳለው ነገርኋቸው። «እንግዲህ እናቶቻችሁ ልብስ ያጠቡበት ውሃ መብራት ሆኖ ይመለሳል» ስል ከኋላ አንድ ልጅ ተነሥቶ «ታዲያ ዛሬ ለምን መብራት የለም?» አለ። ያን ጠዋት ድምፅ ማጉያው ዝም ያለው ለዚሁ ነበር። መልስ አልነበረኝም፤ ነገር ግን በዚያ ሳምንት ከጠየቁኝ ጥያቄ ሁሉ የመጀመሪያው እውነተኛ ጥያቄ ይህ ነበረ።

ወደ 2ኛ ክፍልም ጎራ ብዬ ነበር። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና ከመቶ የ2ኛ ክፍል ልጆች 34ቱ ከቀረበላቸው ታሪክ ውስጥ አንዲት ቃል ለማንበብ እንዳልቻሉ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ተምሬአለሁ። ቁጥር በወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ነው። መምህርቷ ፊደል ገበታውን በዱላ እየጠቆሙ ሲያስቆጥሩ፣ ልጆቹ በዱላው ፍጥነት ሳይሆን በዜማው ፍጥነት ይሮጣሉ፤ ዱላው «መ» ላይ ሳለ አፋቸው «ሰ» ደርሷል። እነዚህ ልጆች እቤታቸው ጉራጊኛ ነው የሚናገሩት፤ ቀቤንኛና ኦሮምኛ የሚናገሩም አሉ። አማርኛውን የሚያገኙት ከዱላው ጋር ነው። እኔ በቅዳሜው ንግግሬ ይህን አላነሣሁትም ነበር።

ረቡዕ ለርእሰ መምህርቷ አንድ ሐሳብ አቀረብሁ፤ የሌላ ሰው ዜና መገልበጡ ይቅርና ልጆቹ የራሳቸውን ይጻፉ፣ ዓርብም ይነበብ የሚል። እርሳቸውም «በምን ወረቀት?» ብለው ጠየቁ እንጂ አልተቃወሙም። ለልጆቹ በዐፄ ምኒልክ ዘመን «አእምሮ» የተባለው ጋዜጣ ሲጀመር ካቫዲያስ የተባለ ግሪካዊ ነጋዴ በእጅ እያስጻፈ በ24 ቅጂ ብቻ ያወጣው እንደ ነበር ነገርኋቸው። ማተሚያ ሳይኖር ጋዜጣ መኖሩ ገረማቸው። «እኛ ደብተር አለን» አለች ያችው ልጅ፤ ከደብተሯም መካከል ሁለት ቅጠል ነቀለች።

ሐሙስ ያገኘሁትን ዜና ሁሉ ልጽፈው ብል መጽሔቱ አይበቃውም። ልጆቹ መጀመሪያ በጉራጊኛ እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ፣ ይከራከራሉ፣ ከዚያ በአማርኛ ይጽፉታል። እኔም በአባቴ ቤት በሰማኋት ጉራጊኛ ልርዳቸው ብዬ አንድ ዓረፍተ ነገር ብናገር ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ። «አያቴ እንሰት ፋቀች፤ ቆጮው ገና ጉድጓድ ውስጥ ነው» የሚል ነበር። «የጎረቤታችን ላም መንታ ወለደች፤ አንዱ ሞተ» የሚል ነበር። «ሰኞ ሌሊት ውሃ መጣ፤ እናቴ ስድስት ጀሪካን ሞላች፤ እኔ እንቅልፍ አልተኛሁም» የሚል ነበር። ይህን የመጨረሻውን ርእሰ መምህርቷ ሁለት ጊዜ አነበቡት። በወልቂጤ ውሃ ተራ ነገር አይደለም፤ በየካቲት 2015 ዓ.ም. በውሃ እጦት ምክንያት በተነሣ ተቃውሞ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ርእሰ መምህርቷም ጥቂት ዝም አሉና «መጣ ነው የሚለው፤ ጠፋ አይልም። ይነበብ» አሉ።

አስቸጋሪው ወረቀት ያችው የ5ኛ ክፍል ልጅ የጻፈችው ነበር። ፊደሏ ይንጋደዳል፤ እንዲህም ይላል፦ «ከክፍላችን ከመስቀል በኋላ አራት ልጆች አልመጡም። ሦስቱን አላውቅም። አጠገቤ የሚቀመጠው ከአጎቱ ጋር አዲስ አበባ ሄደ። ሊስትሮ ሆነ ይባላል። ደብተሩ እኔ ጋ ነው።»

የጉራጌን መስቀል ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ለበዓሉ ከአዲስ አበባም፣ ከየትም፣ ልጅ የተባለ ሁሉ ወደ አገሩ ይገባል፤ ክትፎው ይበላል፤ ጀፎረው በሰው ይሞላል። ሳምንቱ ካለፈ በኋላ መናኸሪያው በተመላሽ ይጨናነቃል፤ ወንድም ወይም አጎት ሲመለስም አንዳንዴ አንድ ትንሽ ልጅ አስከትሎ ይሄዳል። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ ለልጅ ግን ያች ጉዞ አንዳንዴ ዕድሜ ልክ ናት። አባቴ በዚሁ ዓይነት ከመስቀል ማግሥት ነው የሄደው። ጫማ ጠረገ፣ ሱቅ ጠበቀ፣ ሱቅ ከፈተ፣ እኔን አስተማረ። በእኛ ቤት ይህ ታሪክ የሚነገረው በኩራት ነው፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር የሳሙና ሣጥኑና የብሩሹ ወሬ ሳይነሣ ቡናው አይፈላም። አባቴ የ3ኛ ክፍል ደብተሩን ለማን ትቶት እንደ ሄደ ግን ጠይቄው አላውቅም።

ቀይ እስክሪብቶዬን አወጣሁና ዜናውን ሰረዝሁት። ምክንያትም ሰጠሁ። «ይባላል» ዜና አይደለም፤ በራስሽ ያየሽውን ብቻ ጻፊ፤ ደግሞም የሰው ቤት ገመና በድምፅ ማጉያ አይነገርም አልኋት። መምህራዊ ምክንያቶች ናቸው፤ ዛሬም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ስሕተት ናቸው አልልም። ልጅቱ ወረቀቱን ተቀበለችኝ፤ ቀዩን መሥመር በጣቷ ተከተለችው፤ «እሺ፣ ቲቸር» አለችና ሄደች።

በዚያው ሌሊት ቡታጅራ ለሚያስተምር የኮሌጅ ጓደኛዬ ስልክ ደወልሁ። ቡታጅራ አሁን የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ከተማ ናት፤ እኛ ደግሞ በጉራጌ ዞን ቀርተናል፤ ጓደኝነታችን ግን ገና አልተከፈለም። የልጆቹን ዜና እንደ ጨዋታ አድርጌ አወራሁለት፤ ስለ ላሟ ሳቀ፤ ስለ ልጁ ሲሰማ ዝም አለ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ «እዚህ ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በየቀበሌው የጤና ጥናት ያካሂድ እንደ ነበር ታውቃለህ? መዝጋቢዎቹ ከቤት ቤት እየዞሩ አራት ነገር ይጽፉ ነበር። ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ገባ፣ ማን ወጣ። ዓለም ያነበበው ብዙ የምርምር ጽሑፍ የወጣው ከዚያ መዝገብ ነው። ያንተ ልጅ የጻፈችው አራተኛውን ነው። አንተ ደግሞ ሰረዝኸው።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብዙ ተገላበጥሁ። ዓርብ ማለዳ፣ ሰልፉ ሳይጀመር ወረቀቱን ልመልስላት ወሰንሁ። የአገራችን ውሳኔ ግን በባጃጅ ይወሰናል፤ ነዳጅ የለም ተብሎ ሰልፍ ላይ ናቸው። በእግሬ ስሮጥ ደርሼ በሩን ስገባ ልጅቱ ከሰልፉ ፊት ቆማለች፤ መብራትም መጥቷል፤ ድምፅዋ እስከ ዋናው መንገድ ይሰማል። ስለ እንሰቱ አነበበች። ስለ ላሟ አነበበች፤ ትንንሾቹ «አንዱ ሞተ» ሲባል አዘኑ። ከዚያ ዝም አለች። ድምፅ ማጉያው ብቻ «ዝዝዝ» ይላል። መብራት የጠፋ መስሎአቸው ከሰልፉ መካከል አንዳንዶቹ ወደ ምሰሶው አንጋጠጡ። እኔ ግን ዓይኗ የቆመው ቀዩ መሥመር ላይ መሆኑን አውቄአለሁ። ከዚያ ወደ ውሃው ዜና ተሻገረችና ጨረሰች። ያነበበችው በቃሏ ያጠናችውን አልነበረም፤ በጣቷ እየተከተለች፣ አንዳንዱ ቃል ላይ እየተደናቀፈች ነበር። ከሰኞው ንባቧ የባሰ ነው ብሎ የሚፈርድ ይኖራል።

ሰልፉ ሲበተን ይቅርታ ልጠይቃት ሞከርሁ። «ሰኞ ልታነቢው ትችያለሽ» አልኋት።

«ሰኞ የ6ኛ ክፍል ተራ ነው» አለችኝ።

ወደ ርእሰ መምህርቷ ቢሮ ይዣት ገባሁ። ወረቀቱን ተቀብለው መነጽራቸውን ከፍ አድርገው በቀዩ መሥመር ውስጥ አነበቡ። ምንም አልተናገሩኝም፤ ቢናገሩኝ ይሻል ነበር። ከመሳቢያቸው የስም መጥሪያውን አወጡና በእርሳስ የአራት ልጆችን ስም አጠገብ አጠገቡን ነኩ። «ሦስቱን እኔ አውቃለሁ» አሉ። «አንዷ ታማለች፤ ሁለቱ እኅትማማቾች ከአክስታቸው ጋር ቡታጅራ ገብተዋል፤ እዚያ ተመዝግበዋል። ይህንን ግን እናቱ ልቅሶ ሄዷል ብላኝ ነበር።» ከዚያ ቀና ብለው «የአጎቱን ስልክ የሚያውቅ ይኖር ይሆን?» ብለው ራሳቸውን ጠየቁ።

ልጅቱ ከቦርሳዋ ደብተር አወጣች። የራሷ አልነበረም፤ ሽፋኑ በጋዜጣ የተለበጠ፣ ጠርዙ የተበላ የወንድ ልጅ ደብተር ነው። የኋላውን ሽፋን ገለጠች፤ በእስክሪብቶ ተደጋግሞ የተጻፈ ቁጥር ነበረበት።

ርእሰ መምህርቷ ቁጥሩን እየነካኩ ደወሉ። ሦስታችንም ቆመን ሰማን። ጠራ፣ ጠራ፣ አልተነሣም። «ሥራ ላይ ይሆናል፤ በዕረፍት ሰዓት እንደገና እንሞክራለን» አሉ። ልጅቱ ደብተሩን መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወደ ክፍሏ ሮጠች። እኔም የከሰዓት ፈረቃዬ እስኪደርስ፣ እስከ ዕረፍት ሰዓት እዚያው ቢሮ ወንበር ላይ ቁጭ አልሁ።