የጋሼ አስተያየት በጣሊያን ገዳዮች ላይ

ዛሬ ሳሎናችን የሳንሱር ቢሮ ሆኖ ዋለ። ልጄ በዚህ ሴሚስተር የፊልም ክላስ ይዛለች። አስተማሪዋ ከ1970ዎቹ የጣሊያን የግድያና የፖሊስ ፊልሞች መርጣችሁ ለቤተሰብ አሳዩ፣ የተመልካቹን አስተያየት ጽፋችሁ አምጡ ብሏቸዋል። ምስኪን፣ ሜሪላንድ አስፐን ሂል ውስጥ የማን ቤት እንደላካት አላወቀም።

ጋሼን ታውቋቸዋላችሁ። የፋሲካው ዶሮ ብልት 11 ሆኖ ተገኘ ብለው ቤተሰቡን አንድ በአንድ የመረመሩት ናቸው። ጉዳዩ እስካሁን አልተዘጋም። እቴቴ ደግሞ ያኔም ዛሬም ዋና ተጠርጣሪ ናቸው።

ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ቡናው እየተቆላ ልጄ "የክሪስታል ላባዋ ወፍ"ን ከፈተች። ዳሪዮ አርጀንቶ፣ 1970፣ የመጀመሪያ ፊልሙ፣ ሙዚቃው የኤንዮ ሞሪኮኔ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው። በእኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ።) ገና የመጀመሪያዋ ሴት ስትጮኽ ጋሼ ከሶፋው ተነሱ። "ጎረቤት የላቸውም እንዴ? ኡኡ ተብሎ እንዴት አንድ ሰው እንኳ ዱላ ይዞ አይወጣም?" ሮም ነው ጋሼ፣ ብንላቸው "ሮምስ ቢሆን?" አሉ። እዚህ ሰፈር በእኛ አፓርትመንት ሴት ብትጮኽ ማን እንደሚወጣ ግን ማናችንም አላነሳንም። 911 እንደውላለን፣ በሩን እንቆልፋለን።

እቴቴ ሌላ ነገር ነው የያዛቸው። "አፋቸው ሌላ፣ ድምፃቸው ሌላ!" እውነታቸውን ነው። ጣሊያኖች ያን ጊዜ ድምፁን ከቀረጻው በኋላ ነበር የሚያስገቡት። አንዱ ተዋናይ በእንግሊዝኛ፣ ሌላው በጣሊያንኛ እየተናገረ ይቀረጽና በኋላ ስቱዲዮ ገብቶ ይሰፋል። ገዳዩ ደግሞ ጥቁር የቆዳ ጓንት ያደርጋል። ልጄ በአርጀንቶ ፊልሞች ውስጥ ያ ጓንት ያጠለቀው እጅ ብዙውን ጊዜ የራሱ የዳይሬክተሩ ነው ስትለን እቴቴ አማትበው "እናት የለውም?" አሉ። ውስኪውስ? በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ጄ ኤንድ ቢ የሌለበት ቤት ያለ አይመስልም። ጋሼ ጠርሙሱን ባዩ ቁጥር በጣታቸው ያሳዩናል። "ብላክ ሌብል የማያውቅ ሕዝብ ቢተራረድ ምን ይገርማል" አሉ። ይህም ተጽፎ ይገባል።

ልጄ ለእነዚህ የግድያ ፊልሞች የወጣው ጃሎ (ቢጫ) የሚባለው ሥያሜ ሞንዳዶሪ የተባለው አሳታሚ ከ1929 ጀምሮ ካወጣቸው ባለ ቢጫ ሽፋን የወንጀል መጻሕፍት እንደመጣ ልትነግራቸው ሞከረች። ጋሼ "እኛም ማሞ ውድነህ ነበረን፣ ይልማ ሀብተየስ ነበረን፣ ቢጫ ቀባን እንዴ?" ብለው ዘጉት።

ሁለተኛው የኡምቤርቶ ሌንዚ የ1975 ፊልም ነበር። ባርሴሎና ውስጥ ቱሪስቶች አንድ በአንድ ይገደላሉ፣ ዓይናቸው ይወጣል። እንዲህ ያለ ነገር እሑድ ይታያል ወይ እያልን ሳለ እቴቴ ጮኹ። "ይቺ ልጅ የኛ ናት!" ኢነስ ፔሌግሪኒ ናት፣ ፓሶሊኒ ለ1974ቱ "ሺህ አንድ ሌሊት" የመረጣት። የኤርትራ ደም አላት። ከእሷ በፊት የደቀመሐሪዋ ዘውዲ አርአያ ጣሊያንን አሳብዳ ነበር፣ በ1979 ከማስትሮያኒ ጋር የኔፕልስ የግድያ ኮሜዲ ሠርታለች። "የኛ" የሚለው ቃል የእቴቴ ነው፣ የእኔ አይደለም። ኮሜንት ላይ ስለዚህ ጉዳይ ጦርነት የሚከፍት ሰው ብሎክ ይደረጋል፣ ዘመዴም ቢሆን።

ወደ አርጀንቶ ልመለስ። ታሪኩ እንዲህ ነው። ሮም የሚኖር አሜሪካዊ ደራሲ ማታ በእግሩ ሲያልፍ፣ በመስታወት ውስጥ አንዲት ሴትና ጥቁር የለበሰ ሰው በጩቤ ሲታገሉ ያያል። ልርዳ ብሎ ሲገባ በሁለት የመስታወት በሮች መሃል ተዘግቶበት ይቀራል። እሷ ትደማለች፣ እሱ ቆሞ ያያል። ከዚያ ፊልሙን ሙሉ "ያየሁት አንድ ነገር አለ፣ ግን ጠፋኝ" እያለ ይብሰለሰላል። መጨረሻ ላይ ሲገለጥለት ጩቤው በሴትየዋ እጅ ነበር፣ ገዳይዋ እሷ ናት። (አበላሸሁባችሁ? ከ50 ዓመት በላይ ጊዜ ነበራችሁ።) ዓይኑ በትክክል አይቷል። አእምሮው ግን "ሴት ተጠቂ፣ ጥቁር ልብስ ገዳይ" ብሎ ቀድሞ ፈርዶ ነበር።

እኔ እዚህ ላይ ከፊልሙ ወጣሁ። ኦክቶበር 2002 ገባሁ።

እዚህ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ኦክቶበር 2 አመሻሽ ላይ አስፐን ሂል ውስጥ የአንድ የእጅ ሥራ ዕቃ መደብር መስኮት በጥይት ተበሳ፣ ማንም አልተጎዳም። ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ግሌንሞንት ላይ አንድ ሰው በመኪና ማቆሚያ በጥይት ተመቶ ወደቀ። በማግሥቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል እንኳ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ በሞንትጎመሪ ካውንቲ አራት ሰው ሞተ። ከእነሱ አንዱ እዚሁ ኮኔቲከት አቬኑ ላይ ቤንዚን ሲቀዳ የነበረ የታክሲ ሹፌር ነው። እኔ ያን ጊዜ ታክሲ ነበር የምነዳው። ያ ማደያ የእኛም ማደያ ነበር። ስልኩ ያን ቀን አላቋርጥ አለ፣ ከአዲስ አበባ ሳይቀር "አለህ?" የሚል ነበር።

ለሦስት ሳምንት ያህል ቤንዚን የምንቀዳው ጎንበስ ብለን፣ በመኪናውና በማሽኑ መሃል ተሸጉጠን ነበር። አንዳንድ ማደያዎች ሸራ ሰቀሉ። ሰው ወደ ሱፐርማርኬት በር የሚሄደው ዚግዛግ እየሠራ ነው። ዘመዳችን አንዷ፣ ስሟን አልጠራም፣ እንጀራ ልትገዛ ስትሄድ ነጠላዋን በራሷ ላይ ጠምጥማ "ጥይቱ ይደናገረዋል" ትል ነበር። አሁን እየሳቅኩ ነው የምጽፈው። ያን ጊዜ አልሳቅንም።

የፖሊስ አዛዡ ቻርልስ ሙስ በየቀኑ ቴሌቪዥን ላይ እየወጡ ይናገራሉ። ሁላችንም የምንፈልገው አንድ ነገር ነው፣ ነጭ ቫን። ከመጀመሪያዎቹ ምስክሮች አንዱ ነጭ የጭነት መኪና አየሁ አለ፣ ከዚያ ሁሉም ሰው ነጭ ቫን ማየት ጀመረ። እስቲ ዛሬ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ወጥታችሁ ቁጠሩ፣ ነጭ ቫን የማይታይበት ደቂቃ አለ? ቧንቧ ሠራተኛው ነጭ ቫን፣ ምንጣፍ አጣቢው ነጭ ቫን፣ ኬተሪንግ የሚሠራው ጓደኛችን ነጭ ቫን። ያ ልጅ በመንገድ ላይ ስንቴ እንዳስቆሙት ራሱም ቁጥሩ ጠፍቶበታል። ሽጉጥ ተደግኖበት፣ ከኋላ ሲከፈት አምስት ትሪ ምስር ወጥ። ይቅርታ የጠየቀው አንድም የለም። ሃያ ምናምን ዓመት አለፈ፣ እኔ ግን እስከ ዛሬ ያናድደኛል። እሱ ረስቶታል፣ እኔ ነኝ የያዝኩት።

መጨረሻው ኦክቶበር 22 እዚሁ አስፐን ሂል፣ ግራንድ ፕሪ ሮድ ላይ ነበር። ጠዋት ሥራ ሊጀምር የነበረ የአውቶቡስ ሹፌር። አሥር ሰው ሞቶ፣ ሦስት ቆስሎ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ተኳሾቹ ተያዙ። መኪናው ምን ሆኖ ተገኘ? ሰማያዊ ሸቭሮሌት ካፕሪስ፣ የ1990 ሞዴል፣ ቀድሞ የፖሊስ መኪና የነበረ፣ ከኋላ ኮፈኑ ላይ ቀዳዳ ተበጅቶለት። በእነዚያ ሳምንታት ፖሊስ ታርጋውን በተደጋጋሚ አይቶታል። ባልቲሞር ላይ ከተኳሾቹ አንዱን መኪናው ውስጥ ተኝቶ አግኝተው ሂድ ብለውታል። ነጭ ቫን አይደለማ!

አሁን ስሙኝ። ያን ሰሞን እኔ የምነዳው ታክሲ ካፕሪስ ነበር። ግማሹ ታክሲ ካፕሪስ ነበር፣ ከፖሊስ ጨረታ የወጣ። ጎንበስ ብዬ ቤንዚን እየቀዳሁ፣ ጀርባዬን ለካፕሪስ ሰጥቼ፣ ነጭ ቫን ይመጣ ይሆን ብዬ መንገዱን አያለሁ።

ስለዚህ ልጄ "ዳዲ፣ ያንተ አስተያየት?" ስትለኝ ያልኳት ይሄን ነው። የፖሊስ ፊልም ውሸት ነው፣ ጃሎ ግን እውነት ነው። በፖሊስ ፊልም ኮሚሽነሩ ማንን እንደሚያሳድድ ያውቃል፣ የቸገረው የሚፈቅድለት ዳኛ ማጣት ብቻ ነው። በጃሎ ሁሉም አይቷል፣ ሁሉም የተሳሳተ ነገር አይቷል።

ጋሼ አልተቀበሉኝም።

የእሳቸው ፊልም ሦስተኛው ነው። ፍራንኮ ኔሮ፣ 1973፣ የኤንዞ ካስቴላሪ። አርእስቱ ከጣሊያንኛው "ፖሊስ ይከሳል፣ ሕግ በነፃ ይለቃል" እንደማለት ነው። ፍራንኮ ኔሮ ገና ብቅ ሲል "ጃንጎ! ጃንጎ ፖሊስ ሆነ?" ብለው እንደ ልጅ አጨበጨቡ። ጃንጎን ፒያሳ ነው ያዩት፣ ከማን ጋር እንዳዩት እቴቴ ባሉበት አይነገርም። ፊያቱን፣ አልፋ ሮሜዮውን፣ የጄኖቫን ዳገት እያዩ ፓርኪንግ የሠሩባቸው ዓመታት ሁሉ ትዝ እያሏቸው "ማርሹን ገደለው" እያሉ ይፈርዳሉ። አክተሩ እንዳይሞት ጸለዩ።

ከዚያ ልጄ ሌላ አርእስት አነበበችላቸው፣ የሌንዚ የ1974 ፊልም። "ሚላን ትጠላለች፣ ፖሊስ መተኮስ አይችልም" ይላል። ጋሼ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። "መተኮስ አይችልም?" ሳቁ፣ እንባቸው እስኪመጣ። ልጄ ግራ ገባት። ጣሊያን ያን ጊዜ በ1969 ሚላን ፒያሳ ፎንታና ላይ ቦምብ ፈንድቶ 17 ሰው ሞቶባት፣ እገታና ግድያ በዝቶባት፣ ተመልካቹ ሕጉ ወንጀለኛ ይደግፋል ብሎ ተቆጥቶ እንደነበር አስረዳቻቸው። ጋሼ አዳመጧት።

"እኛ ዘንድ በዚያው ሰሞን ነፃ እርምጃ ነበር፣ ልጄ" አሉ። "በ69 እና በ70። ያ በእኛ ነው፣ ጻፊው። ጠዋት ስትወጪ ልጁ መንገድ ላይ ተጥሏል፣ ደረቱ ላይ ወረቀት አለ። ገዳዩ ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ቀበሌው ያውቃል፣ ሰፈሩ ያውቃል፣ እናትየው ታውቃለች። ጓንት የለ፣ ጭምብል የለ። እንደዚህ ዓይነት ፊልም የለንም፣ ምክንያቱም የሚፈለግ ሰው አልነበረም።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ ደግሞ ያየ ሰው ይሳሳታል ትላለህ። አትላንታስ?"

የአትላንታውን ታውቁታላችሁ። በዚያ የነፃ እርምጃ ዘመን የከፍተኛ 9 ሊቀመንበር የነበረው ቀልቤሳ ነገዎ አትላንታ ሆቴል ውስጥ ሻንጣ ተሸካሚ ሆኖ ይሠራል። እዚያው ሆቴል አስተናጋጅ የሆነች፣ እሱ ያስገረፋት ሴት ከአሳንሰር ሲወጣ ታየዋለች። ከአሥር ዓመት በላይ አልፏል፣ አገሩ ሌላ፣ ልብሱ ሌላ። አልተሳሳተችም። ከሌሎች ሁለት ሴቶች ጋር ከሰሰችው፣ በ1993 ፈረዱላቸው፣ በ2006 ወደ አገር ቤት ተባረረ።

መልስ አልነበረኝም። ነጭ ቫኑም፣ መስታወቱም፣ ያ ሁሉ ፍልስፍናዬ አፌ ላይ ቀረ። ልጄ "ይሄ የምር የሆነ ነው?" አለችኝ። ስልኬን ሰጠኋት፣ ራሷ ታንብብ። ወረቀቱ ነገ ነው የሚገባው፣ እኔ ግን ከዚህ በኋላ ስለ ሲኒማ መጻፍ አልቻልኩም። ደህና እደሩ።