የአባታችን አውቶሞቢል ማሞቂያ

የቤተ ሰብ ነገር በሚጻፍበት በዚህ ገጽ ላይ ስለ ሞተርና ስለ ውኃ ቱቦ ስናወራ ያለ ቦታችን የገባን መስሎ እንዳይታያችሁ እንለምናለን። የምንነግራችሁ አውቶሞቢል አባታችን በ1975 ዓመተ ምሕረት የገዙት፣ እኛ ሦስት ልጆቻቸው ወደ ትምህርት ቤት የተመላለስንበት፣ ታናሽ እኅታችንም ልትወለድ በቀረበች ጊዜ እናታችን በሌሊት ወደ ሐኪም ቤት የሄዱበት ላዳ ነው። አባታችን በ2009 ዓመተ ምሕረት ካረፉ ወዲህ ግን በግቢያችን ጥግ ሸራ ለብሶ ቆሞ ስለ ነበረ፣ ከሥሩ ዶሮዎች እንቁላል ይጥሉበት ነበር።

ከተቀመጠበት ያስነሣን ነገር ይህ ነው። እናታችን ዕድሜያቸው ሰባ ስምንት ሆኗል። ታላቅ እኅታቸው በደብረ ብርሃን ይኖራሉ፤ እርሳቸውም ከቤት መውጣት ከተዉ ቈይተዋል። እናታችን የጥር ሥላሴን ከእኅታቸው ጋራ ለማክበር ፈለጉ። በአውቶቡስ እንውሰድዎ ብንል፣ በኪራይ መኪና ብንል፣ አልወደዱም። «በቤቴ መኪና እሄዳለሁ፤ ነገር ግን እግሬን ብርድ የሚበላው ከሆነ እቀራለሁ» አሉ። ይህን ሲሉ የተናገሩት ስለ ብርዱ ብቻ እንዳይደለ ሦስታችንም ዐወቅን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኅዳር ወር 1980 ዓመተ ምሕረት አባታችንና እናታችን ለለቅሶ ወደ ደብረ ብርሃን ሲሄዱ፣ ሸኖን ዐልፈው ጫጫ ሳይደርሱ፣ ከክሩስኮቱ ሥር የፈላ ውኃ ወርዶ የእናታችንን ግራ እግር አቃጠለው። እናታችንም በሕመምና በሐዘን ላይ ስለ ነበሩ፣ «ከእኔ እግር ይልቅ ይህ ብረት ይበልጥብዎታል» ብለው ተናገሩ። አባታችን አንድ ቃል አልመለሱም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሞቂያው ሞቆ አያውቅም። እናታችንም፣ «ስለ ተናገርሁ ቂም ይዘው ዘጉብኝ፤ በብርድ እንድቀመጥ ፈረዱብኝ» የሚል አሳብ በልባቸው አኖሩ። ሠላሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በዚያ መንገድ በተመላለሱ ቍጥር ጋቢያቸውን በጕልበታቸው ላይ ደርበው ዝም ብለው ይቀመጡ ነበር። አባታችንም ዝም ብለው ይነዱ ነበር። እኛ ከኋላ ሆነን ይህን ዝምታ እያየን አደግን።

እንግዲህ ማሞቂያውን ለማደስ ቈርጠን ተነሣን። በመጀመሪያ የጠየቅነው መካኒክ ሳቀብን፤ «ለአዲስ አበባ ማሞቂያ ምን ያደርግላታል? ሁለቱን ቱቦ አገናኝቶ መተው ነው» አለን። በከተማችን ያሉ የብዙ አሮጌ አውቶሞቢሎች ማሞቂያ በዚህ ምክር እንደ ተቈረጠ የታወቀ ነው። ምክሩ ፈጽሞ ስሕተት ነው አንልም፤ ውኃው መዞሩን አያቋርጥምና ሞተሩን አይጎዳውም። ነገር ግን ማሞቂያው የሚያገለግለው ለብርድ ብቻ አይደለም። ቤንዚን ተቃጥሎ ከሚሰጠው ኃይል አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል፤ ከዚህም ሙቀት ብዙውን ውኃው ተሸክሞ በፊት ባለው ራዲያተር ለነፋስ ይሰጠዋል። ማሞቂያ ማለት ሁለተኛ ትንሽ ራዲያተር ነው። የሞቀው ውኃ ከቴስታታው ኋላ ወጥቶ፣ ሞተሩንና ተሳፋሪውን የሚለየውን ግድግዳ ዐልፎ፣ በመክፈቻው በኩል ወደ ትንሹ ራዲያተር ይገባል፤ ከዚያም በሞተሩ ጐን በተዘረጋ የብረት ቧንቧ ወደ ውኃው ፓምፕ ይመለሳል። ስለዚህ በረጅም ዐቀበት ሞተር ከመጠን በላይ ሲሞቅ፣ ማሞቂያውን ከፍቶ ማራገቢያውን ማሠራት ከውኃው ጥቂት ሙቀት ይቀንስለታል፤ ነጂው ቢያልበውም ሞተሩ ሊተርፍ ይችላል።

ስለ አውቶሞቢሉም ዘር ጥቂት እንበል። ላዳ በሶቪየት ኅብረት ውስጥ በቮልጋ ወንዝ ዳር በምትገኘው በቶልያቲ ከተማ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1970 መሠራት የጀመረ ነው። አባቱ በ1967 በአውሮፓ የዓመቱ አውቶሞቢል ተብሎ የተመረጠው የኢጣልያው ፊያት 124 ነው። ከተማይቱ ራስዋ እንኳ በ1964 ስሟ የተለወጠው በኢጣልያዊው የኮሙኒስት መሪ በፓልሚሮ ቶልያቲ ስም ነው። የሶቪየት መሐንዲሶች ለመጥፎ መንገድ እንዲመች ብለው የአካሉን ብረት አወፈሩት፣ ከመሬት ከፍ አደረጉት፣ የኋላውንም ዲስክ ፍሬን በከበሮ ፍሬን ለወጡት። የጋራዦቻችንም ቋንቋ ኮፈን፣ ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ካቻቢቴ እያለ ግማሹ ኢጣልያንኛ ስለ ሆነ፣ ላዳ ወደ አገራችን ሲመጣ የተዋወቀ ዘመድ እንጂ እንግዳ አልነበረም።

ኮፈኑን ስንከፍት ያየነው ነገር የሚያስደስት አልነበረም። የዘይትና የአቧራ ቅርፊት ሁሉን ሸፍኖታል፤ አይጥ ጎጆ ሠርታለች፤ ከባትሪው የፈሰሰው አሲድም ባትሪው የተቀመጠበትን ብረት እንደ ወንፊት በልቶታል። በመጀመሪያ ባትሪውን አወጣን። ታናሽ እኅታችን ከወጥ ቤት ቤኪንግ ሶዳ አምጥታ በውኃ በጥብጣ አሲዱ በነካው ላይ ብታፈስበት እስኪበርድ ድረስ ዐረፋ ደፈቀ። ቅርፊቱን በነጭ ጋዝና በብሩሽ አጠብነው፤ በቤንዚን ማጠብ ይቀላል የሚሉ አሉ፣ ነገር ግን እንፋሎቱ በአንዲት ብልጭታ ቤት ያቃጥላልና ማንም እንዳይሞክረው። ዝገቱን በብረት ብሩሽ ፍቀን፣ የተበላውን ብረት አስበይደን፣ ቀለም ቀባነው። ቱቦዎቹን ከመፍታታችን አስቀድሞ እኅታችን ከእናታችን የጥልፍ መሶብ ክር አምጥታ፣ የሞቀው ውኃ በሚሄድበት ላይ ቀይ፣ በሚመለስበት ላይ ሰማያዊ አሰረችበት። ይህ ሥራ ትንሽ ይመስላል፤ ኋላ ግን ከብዙ ክርክር አድኖናል።

አሮጌዎቹ ቱቦዎች በጣት ሲጫኑ ይሰነጠቁ ነበር፤ ውስጣቸውም እንደ ቀይ አፈር ጭቃ ሞልቶበታል። ይህ ለብዙ ዘመን ተራ የቧንቧ ውኃ ብቻ የማፍሰስ ዋጋ ነው። ቴርሞስታቱም ተከፍቶ ደርቆ ቀርቷል። አዲሱን ከመግጠማችን በፊት በድስት ውኃ ውስጥ ጨምረን በእሳት ላይ ስንፈትነው ሰማንያ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ተከፈተ። ድስቱ የሽሮ ድስት ስለ ነበረ ከእናታችን ዘንድ ብርቱ ተግሣጽ አገኘን፤ አዲስ ድስትም ገዛን።

ከዚያም ወደ ክሩስኮቱ ሥር ገባን። ሁለቱ ቱቦዎች መካኒኩ እንዳለው በሞተሩ በኩል ተገናኝተው ነበር፤ ትንሹ ራዲያተር ግን ከነመክፈቻው በስፍራው ተቀምጧል። ፈትተን ወደ አንድ ራዲያተር ሠሪ ወሰድነው። ሰውዬው በአንድ በኩል ደፍኖ፣ በሌላው በኩል አየር ነፍቶ፣ በውኃ ገንዳ ውስጥ ቢያጠልቀው ከአራት ስፍራ ዐረፋ ወጣ። አገላብጦም ካየው በኋላ፣ «ይህ ሦስት ጊዜ ተበይዷል፤ ብየዳዎቹ አንዱ በሌላው ላይ ነው፤ የአንድ ቀን ሥራም አይደሉም። ያሠራው ሰው ተስፋ አልቈረጠም ነበር» አለን። አራተኛ ብየዳ ግን አይይዝም አለ።

እኛ እርስ በርሳችን ተያየን። ነገር ግን ሦስቱ ብየዳዎች እናታችን ከመቃጠላቸው በፊት የተደረጉ ይሁኑ ወይም በኋላ፣ ራዲያተር ሠሪው ሊነግረን አልቻለም። በፊት ከሆኑ የእናታችን አሳብ እንደ ነበረ ይቈማል።

ወደ ቤት ተመልሰን የተሳፋሪውን ምንጣፍ ስናነሣ ግን አንድ ሌላ ነገር አገኘን። ከማሞቂያው በታች፣ እግር በሚቀመጥበት በኩል፣ ከዘይት ቆርቆሮ ተቈርጦ የተሠራ ጠፍጣፋ ሳህን በሁለት ብሎን ተይዟል። ጠርዙ እግር እንዳይቈርጥ ተብሎ በጥንቃቄ ወደ ውስጥ ታጥፏል፤ በአንድ ጥጉም ቀጭን ቱቦ ተበይዶለት፣ የሚንጠባጠበው ውኃ ወደ ውጭ እንዲፈስ በወለሉ ቀዳዳ ወጥቷል። ታላቃችን ሳህኑን ፈትቶ ለእናታችን አሳያቸው። እናታችን መነጽራቸውን አድርገው በቆርቆሮው ላይ የቀረውን ቢጫ ቀለም ጥቂት ጊዜ ተመለከቱ። «ይህ የእኔ የዘይት ቆርቆሮ ነው» አሉ። «እግሬ በቆሰለ ሳምንት ከጓዳ ጠፋ። ሠራተኛዪቱን ተቈጣሁባት። እርስዋም አላየሁም ብላ አለቀሰች።»

እንግዲያውስ አባታችን ማሞቂያውን በዚያው ቀን አልዘጉትም ማለት ነው። ደግሞ እንዳያቃጥላቸው ቆርቆሮ አበጁለት፤ አስበየዱት፤ ሳይሆንላቸው ሲቀር ቈረጡት። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ግን ምንም አልተናገሩም። እናታችን ሳህኑን በጭናቸው ላይ እንደ ያዙ እስኪመሽ ተቀመጡ። «አንድ ቃል ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?» አሉ። ጥቂት ቈይተውም፣ «እኔስ ብጠይቅ ምን ነበረብኝ?» ብለው ወደ ውስጥ ገቡ። እኛ በዚህ ላይ የምንጨምረው ነገር አልነበረንም፤ ዛሬም የለንም።

በበኩላችን ከብዙ ፍለጋ በኋላ ያልተነካ የማሞቂያ ራዲያተር፣ አዲስ መክፈቻ፣ አዲስ ቱቦና ጕዋርኒሲዮን አግኝተን ገጠምን። ቱቦዎቹን አባታችን እንዳሰሩት በሽቦ ሳይሆን በፋሼታ አጠበቅናቸው። ውኃውንም ከዝገት የሚከላከል ፈሳሽ እኩል ለእኩል ቀላቅለን ጨመርንበት። ልጆች ያላችሁ ወላጆች ይህን ልብ በሉ፤ ይህ ፈሳሽ ጣዕሙ ይጣፍጣል፣ ነገር ግን ኵላሊትን የሚያበላሽ መርዝ ነው። ስለዚህ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ከቶ አይቀመጥ፤ ቢፈስም ሕፃን ወይም ውሻ ሳይደርስበት ይታጠብ።

ሞተሩን አስነሣን፤ ሞቀ፤ ማሞቂያው ግን እንደ በረዶ ቀዝቅዞ ቀረ። ታላቃችን በትዕግሥት የታወቀ ሰው ስላልሆነ ነገሩን ለማየት ሲል የራዲያተሩን ክዳን ሞተሩ እንደ ጋለ ፈታው። በአዲስ አበባ ከፍታ፣ ይኸውም በ2400 ሜትር ግድም፣ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ክዳኑ በግፊት አፍኖ ስለሚይዘው ግን ከዚያ በላይ ሞቆ ሳይፈላ ይቀመጣል። ክዳኑ በተከፈተ ጊዜ ግፊቱ ይጠፋና በአንድ አፍታ ፈልቶ ይፈነዳል። እጁን እስከ ክርኑ አቃጠለው። አንዲት ደግ ጎረቤታችን ቅቤ ይዘው ሮጠው መጡ፤ እኅታችን ግን እጅ ነሥታ መለሰቻቸውና እጁን ከቧንቧ በሚወርድ ቀዝቃዛ ውኃ ሥር ሙሉ ሃያ ደቂቃ ያዘችው፤ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍና ወደ ሐኪም ወሰደችው። ለቃጠሎ ቅቤም፣ ሊጥም፣ የጥርስ ሳሙናም ሙቀቱን በቍስሉ ውስጥ ማፈን ነው። እናታችን የልጃቸውን እጅ ሲያዩ፣ «ይህ መኪና ከዚህ ቤት ሰው አንድ አንድ ቍርበት መውሰዱ ነው» አሉ። ሳቅን፤ እርሱ ራሱም ሳቀ።

ማሞቂያው የቀዘቀዘው አየር በውስጡ ታስሮ ስለ ነበረ ነው። በማግስቱ ሞተሩ በርዶ ሳለ የአውቶሞቢሉን ፊት በበራችን ዐቀበት ላይ ሽቅብ አቆምነው፤ መክፈቻውን እስከ መጨረሻ ከፍተን፣ ክዳኑን አንሥተን፣ ውኃውን በዝግታ እያፈሰስን ቱቦዎቹን በእጃችን ጨመቅናቸው። ሞተሩን ስናስነሣ አየሩ እየተንቦቀቦቀ ወጣ። ሰማያዊ ክር የታሰረበት ቱቦ ለብ ሲል እኅታችን እልል አለች፤ የሚመለሰው ውኃ ከሞቀ ውኃው ዞሯል ማለት ነውና።

በጥር ስድስት ቀን ከሌሊቱ በዐሥራ አንድ ሰዓት ተነሣን። እናታችን ከመሳፈራቸው በፊት ያ የቆርቆሮ ሳህን ወደ ስፍራው እንዲመለስ አዘዙ። አዲስ ማሞቂያ ስለ ሆነ አያስፈልግም ብንልም አልሰሙንም፤ መለስነው። ሰንዳፋንና አለልቱን ዐልፈን ሸኖ ስንደርስ ሣሩ ሁሉ ውርጭ ለብሶ ነበር። ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከተማይቱም 2840 ሜትር ላይ ስለ ተቀመጠች ብርዷ የታወቀ ነው፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካዋም ያለ ምክንያት የተሠራ አይደለም። እናታችን ጋቢያቸውን እንደ ቀድሞው በጕልበታቸው ላይ ደርበው ነበር። ጫጫ ስንቃረብ አጥፈው ወደ ኋላ ሰጡን፤ ጫማቸውንም አወለቁ። ጥቂት ቈይተውም፣ «ቀንሱት፤ አፈነኝ» አሉ።

ደብረ ብርሃን ስንደርስ እናታችን ወደ እኅታቸው ቤት ገቡ፤ እኛ ምንጣፉን ገልጠን ተመለከትን። በሳህኑ ላይ ሁለት ጠብታ ውኃ ነበረ። የቀዩን ክር ቱቦ ፋሼታ በካቻቢቴ ግማሽ ዙር አጠበቅነው፤ ስንመለስም ሳህኑ ደረቅ ነበረ።